ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፤ የተነበበውን ቃል ወደ ጸሎት ስለ መመለስ

ሰው ለጸሎት በቆመ ጊዜ ከሁለት ችግር አንዱ ያገኘዋል። አንደኛው የሚናገረው ቃል ማጣት ነው፤ ጥቂት ቈይቶ የሚለው ነገር ያልቅበትና ይነሣል። ሁለተኛው ደግሞ በቃል ያጠናውን ጸሎት አፉ እየደገመ ልቡ ወደ ገበያና ወደ እርሻ መሄዱ ነው። ይህ ችግር የሕፃንም የሽማግሌም ነው፤ በዲላ ከተማ ፊደል የሚቈጥረውን ልጅና በይርጋ ጨፌ ኮረብታ ላይ ቡና የሚለቅመውን ገበሬ እኩል ያገኘዋል። ለዚህ ችግር መድኃኒት ከፈለጉት ሰዎች አንዱ፥ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በኢትዮጵያ የኖረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። እርሱ የያዘው መንገድ ከባድ ምሥጢር አልነበረም፤ በየዕለቱ የሚነበበውን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል አስቀድሞ መስማት፥ ቀጥሎም ለሰሙት ቃል በጸሎት መልስ መስጠት ነው።

አባ ጊዮርጊስ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1365 ዓመት ገደማ በአማራ አገር፥ ዛሬ ወሎ በሚባለው ክፍል ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባል ነበር፤ እርሱም መጽሐፍ ዐዋቂ የሆነ በንጉሥ ድንኳን የሚያገለግል ካህን ነበረ። በዚያን ዘመን መጽሐፍ በማተሚያ አይታተምም ነበር። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቃል፥ ይወጠራል፥ ይለሰልሳል፤ ቀለም ይበጠበጣል፥ ብርዕ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ጸሓፊው ወራት ሙሉ ጐንበስ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ መጽሐፍ በብዙ ሰው እጅ አይገኝም ነበር፤ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በጆሮው ነው። በጆሮው የሰማውንም በልቡ ካላኖረው ነገ የሚያየው ገጽ የለውም።

ሕዝበ ጽዮን ልጁ እንዲማርለት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደደው። ይህ ገዳም በወሎ በሐይቅ ያለ ሲሆን፥ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የትምህርት ቤት አድርጎ ያጸናው ስፍራ ነው። በእርሱ ጊዜ የተጻፈው የአራቱ ወንጌል ብራና ከዚያ ገዳም ከታወቁት ቅርሶች አንዱ ነው። በአገራችን የቈየው የንባብ ትምህርት ሥርዓት ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ የዮሐንስን መልእክት፥ ወንጌልንና የዳዊትን መዝሙር እንዲያነብ ያደርጋል። ጊዮርጊስም በዚህ በታወቀ ገዳም ለትምህርት ተቀመጠ።

ነገር ግን ትምህርቱ አልገባውም። ገድሉ እንደሚተርከው ሰባት ዓመት በገዳሙ ተቀምጦ ምንም ሳይዝ ቀረ። መምህራኑም ወደ አባቱ መለሱት፤ አባቱ ግን ልጁን ለእግዚአብሔር የሰጠው መሆኑን አስታውቆ፥ መማር ባይችል እንኳ በጕልበቱ ገዳሙን እንዲያገለግል መልሶ ሰደደው። ከዚህ በኋላ የጊዮርጊስ ሥራ ለመነኮሳቱ እህል መፍጨት ሆነ። በዚያን ጊዜ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት የሴቶች ሥራ ተብሎ የሚቈጠር ነበር፤ የመጽሐፍ ዐዋቂ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ዕፍረት አልነበረም። እርሱ ግን ሥራውን አልናቀም፥ ከገዳሙም አልሸሸም። ቀን እየፈጨ ሌሊት ይጸልይ ነበር። ገድሉ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ እንደ ለመነ፥ ከዚያም የልቡና ጽዋ ተሰጥቶት አእምሮው እንደ ተከፈተ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ያልገባው ሁሉ ገባው፤ ከመማር አልፎ መምህር ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጊዮርጊስ ዐዋቂ ከመሆኑ በፊት ብዙ ዓመት የሰማ ሰው ነበረ። ገዳም የሚኖር ሰው መዝሙሩ ሲደገም፥ ወንጌሉ ሲነበብ በየቀኑ ይሰማል። የሰማውን መድገም ሲያቅተው ቃሉ በልቡ አልቀረም ማለት አይቻልም። እህል ወደ ወፍጮ በገባ ጊዜ ወዲያው እንጀራ አይሆንም፤ ድንጋዩ ያደቀዋል፥ ዱቄቱ ይቦካል፥ ከዚያ በኋላ ይጋገራል። በጌዴኦ አገር ያለችው እናት ደግሞ እንሰቱን ፍቃ በጕድጓድ ትቀብረዋለች፤ እስኪበስል ድረስ ሳምንታትና ወራት ትጠብቃለች እንጂ በዚያው ቀን ቆጮ ልጋግር አትልም። የእግዚአብሔር ቃልም በሰው ልብ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያነበበው ያልገባው ተማሪ ማንበቡን መተው የለበትም።

ጊዮርጊስ በዐዋቂነቱ ከታወቀ በኋላ ስሙ እስከ ንጉሡ ድረስ ደረሰ። በዘመኑ የነገሠው ከ1382 እስከ 1413 በኢትዮጵያ የገዛው ዐፄ ዳዊት ነበረ። አባ ጊዮርጊስ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማረ ይነገራል። በቤተ መንግሥትና በገዳም ሲመላለስም ብዙ መጻሕፍት ደረሰ። ከእነርሱም መካከል ሰዓታት፥ አርጋኖን፥ ውዳሴ መስቀልና መጽሐፈ ምሥጢር የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ለዚህ ትምህርት ይልቁን የሚጠቅመው መጽሐፈ ሰዓታት ነው።

ሰዓታት የተባለበት ምክንያት ጸሎቱ በቀንና በሌሊት ሰዓቶች የተከፈለ ስለ ሆነ ነው። በጊዜ ከፍሎ መጸለይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኘ ልማድ ነው፤ ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፥ ዳዊትም ሰባት ጊዜ ያመሰግን ነበር። የቤተ ክርስቲያን አባቶችም እያንዳንዱን ሰዓት ከአንድ የመጽሐፍ ታሪክ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት መውረዱ ይታሰባል፤ በስድስት ሰዓት ጌታችን መሰቀሉ፥ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን መስጠቱ፥ በሠርክም ከመስቀል ወርዶ መቀበሩ ይታሰባል። በመንፈቀ ሌሊት ደግሞ ጳውሎስና ሲላስ በወህኒ ቤት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ መዘመራቸውን ማስታወስ ይቻላል። በዚህ ዐይነት ቀኑ ራሱ እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ፀሐይ ወጥታ እስክትገባ፥ ሌሊቱም እስኪነጋ ድረስ ሰው የሚያስበው ቃል አያጣም።

ከአባ ጊዮርጊስ በፊት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የመጣ የሰዓታት ጸሎት በኢትዮጵያ ነበረ። እርሱ ይህን አልናቀም፥ አላቃለለምም። ነገር ግን በሌላ አገር ሰዎች የተዘጋጀውን መድገም ብቻ አልበቃውም፤ በአገሩ መጻሕፍት ቋንቋ በግእዝ ሌላ ሰዓታት ደረሰ። በዚህም መጽሐፍ ውስጥ ንባብና ጸሎት አይለያዩም። ከሐዋርያት መልእክት፥ ከመዝሙርና ከወንጌል የሚነበብ አለ፤ ከንባቡም ጋር ምስጋናና ልመና ተያይዟል። እግዚአብሔር በቃሉ ይናገራል፥ ሰውም ይመልሳል፤ ሰው ብቻውን ተናግሮ ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሰዎች በሚነጋገሩበት ጊዜ አንዱ ያለውን ሳይሰማ ሌላው የልቡን ብቻ ቢያወራ ይህ ንግግር አይባልም። ብዙ ጊዜ ጸሎት የሚደርቀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚጸልየው ሰው ሳይሰማ መናገር ይጀምራልና።

አርጋኖን የተባለው ድርሰቱም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። ይህ መጽሐፍ ለሳምንቱ ሰባት ቀኖች ተከፍሎ የተዘጋጀ የእመቤታችን ምስጋና ሲሆን፥ ከብሉይና ከሐዲስ በተወሰደ ታሪክና ምሳሌ የተሞላ ነው። ድርሰቱ ለየቀኑ በመከፈሉ የሚጸልየው ሰው በአንድ ቀን ጠግቦ በሌላው ቀን እንዳይራብ ይረዳዋል። የዳዊት መዝሙርም በአገራችን ልማድ እንዲሁ ለሳምንቱ ቀኖች ተከፋፍሎ ይደገማል። ልክ ያለው የዕለት ምግብ ሰውነትን እንደሚያጸና፥ ልክ ያለው የዕለት ንባብም ነፍስን ያጸናል።

ሰው ከራሱ ልብ ጸሎት ሲያወጣ ግን አንድ አደጋ አለ። ቃሉን በትክክል ያልተረዳ ሰው ጸሎቱም ይሳሳታል፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ትቶ የራሱን ምኞት በመጽሐፍ ቃል ሸፍኖ ሊያቀርብ ይችላል። አባ ጊዮርጊስ ይህን አደጋ አላቃለለም። በቤተ መንግሥት ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በመጨረሻው ቀን ሥላሴ ስለሚታዩበት ነገር ተከራክሯል፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ገድሉ በዚህ ክርክር ምክንያት ጠላት እንደ ተነሣበትና እንደ ታሰረም ይናገራል። በንጉሥ ፊት የተወደደ ሰው ለእስራት ሲዳረግ፥ ዝም ብሎ ሹመቱን መጠበቅ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን እውነት ነው ብሎ ያነበበውን ለክብሩ ሲል አልለወጠም። የሚጸልየውና የሚያምነው ሁለት እንዲሆን አልፈቀደምና።

በኋላም መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ትልቅ ድርሰት ጻፈ፤ ይህም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1424 በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት ተፈጸመ። መጽሐፉ በየበዓሉ እንዲነበቡ የተዘጋጁ ትምህርቶች ያሉበት ሲሆን፥ በመጽሐፍ ቅዱስ እየመሰከረ የስሕተት ትምህርቶችን ይመልሳል። እንግዲህ ሰዓታትን የደረሰው እጅና መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው እጅ አንድ ነው። ጸሎቱ ልብን ያሞቃል፤ ትምህርቱ ግን ልብ እንዳይስት ይጠብቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጐዶሎ ነው፤ እሳት ያለ ምድጃ ቤት ያቃጥላል፥ ምድጃም ያለ እሳት ወጥ አያበስልም።

አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን ከፈጸመ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ በ1425 ገደማ ዐረፈ። መታሰቢያው በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል። ስሙ የተጠራበት ጋሥጫ በወሎ በቦረና አገር ያለ ገዳም ነው። ወፍጮ ሲፈጭ የነበረው፥ አይማርም ተብሎ ወደ አባቱ የተመለሰው ልጅ፥ የደረሰው ጸሎት ከእርሱ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት በአብያተ ክርስቲያናት ሲደገም ኖረ።

ነገር ግን የዚህ ሰው ታሪክ ለመደነቅ ብቻ ቢነበብ ጥቅሙ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ክርስቲያን መጽሐፍ እንዲደርስ አልተጠራም፤ የዕለቱን ንባብ ወደ ዕለቱ ጸሎት መመለስ ግን ለሁሉ ይቻላል። ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይህን ይመስላል። አንድ የጌዴኦ ልጅ በማርቆስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ ያለውን የዘሪውን ምሳሌ አነበበ እንበል። አስቀድሞ ታሪኩን ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ዘሩ የወደቀባቸውን አራት ስፍራዎች አንድ በአንድ ይለያል። የአገሩ ልጅ ነውና፥ በደረቅ መንገድ ላይ የወደቀ ፍሬና በደህና አፈር የተተከለ የቡና ችግኝ እንዴት እንደሚለያዩ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ስለ እግዚአብሔር ምን እንደ ነገረው ይጠይቃል፤ ዘሩን ያለ ስስት የሚበትን አምላክ ስለ ሆነም ያመሰግነዋል። ቀጥሎ ቃሉ ስለ ራሱ ምን እንደ ነገረው ይመረምራል፤ ትናንት ከባልንጀራው ጋር ተጣልቶ ቂም ይዞ እንደ ሆነ፥ እሾኹ ይህ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። በመጨረሻም ልቡ መልካም መሬት እንዲሆንለት ይለምናል፤ ለእናቱና ለአባቱ፥ ለታመመ ጎረቤቱና ለተጣላውም ባልንጀራ ይማልዳል።

ይህ ጸሎት ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የተማረ ሰው ቃልም አይፈልግም። አባ ጊዮርጊስ ባወቀው በግእዝ እንደ ጸለየ፥ የጌዴኦ ልጅም እናቱ ባስተማረችው በጌዴኡፋ ወይም በተማረው በአማርኛ ቢጸልይ እግዚአብሔር ይሰማዋል። ሰው ሲያለቅስና ሲደሰት በሚናገርበት ቋንቋ ቢጸልይ ልቡ ከአፉ ጋር ለመሄድ ይቀለዋል። ማንበብ የማይችልም ቢሆን ሲነበብ መስማት ይችላል፤ በአባ ጊዮርጊስ ዘመን ብዙው ሰው ቃሉን ያገኘው እንዲሁ በመስማት ነበርና።

በዚህ ነገር የቀደሙትን ጸሎቶች መናቅ አይገባም። የጌዴኦ ገበሬዎች ታላላቅ ዛፎችን፥ እንሰትንና ቡናን በአንድ መሬት ላይ አብረው ያሳድጋሉ፤ ይህ ጥበባቸው ታውቆ አገራቸው በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታላቁ ዛፍ ለቡናው ጥላ ይሆነዋል፤ ገበሬውም ቡናው እንዲያድግለት ዛፉን ሁሉ አይቈርጥም። ጌታችን ያስተማረው ጸሎት፥ የዳዊት መዝሙርና የአባቶች ድርሰት እንደ ታላላቅ ዛፎች ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው የዕለት ጸሎት ደግሞ በእነርሱ ጥላ ሥር የሚያድግ ችግኝ ነው። ጥላ ያጣ ችግኝ በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ጥላ ብቻ ይዞ ችግኝ ያልተከለ ሰውም በመከር ጊዜ የሚለቅመው የለውም።

አንዳንድ ሰው ጊዜ የለኝም ይላል። እህል መፍጨት ግን ጊዜም ጕልበትም የሚወስድ ሥራ ነበር፤ ጊዮርጊስ ሌሊቱን ለጸሎት ያገኘው ከዚያ ተርፎ ነው። ወደ ተማሪ ቤት በሚሄዱበት መንገድ፥ ውሃ በሚቀዱበት ሰዓት፥ ቡና በሚለቅሙበት ጊዜ በጧት የተነበበውን አንድ ቃል ማሰላሰል ይቻላል። እጅ ሲሠራ ልብ ሥራ ፈት አይሁን። ማታም ከመተኛት በፊት ያንኑ ቃል ወደ ጸሎት መልሶ ማቅረብ ነው። ይህን አንድ ቀን ያደረገ ሰው ትንሽ ነገር አደረገ፤ አንድ ዓመት ያደረገ ግን በልቡ ብዙ ቃል ያከማቻል፥ መከራ በመጣበትም ቀን የሚጸልየው አያጣም።

ስለዚህ ትምህርት የዘገየበት ልጅ በአባ ጊዮርጊስ ታሪክ ይጽናና፤ ፈጥኖ የሚገባውም ልጅ በዘገየው ባልንጀራው አይሣቅ። አስቀድሞ ይስሙ፥ ቀጥሎ ያስቡ፥ ከዚያ በኋላ ይናገሩ። የሰማውን ያላሰበ ሰው ጸሎቱ ጥሬ ነው፤ የሰማውን በልቡ ፈጭቶ ያቀረበ ሰው ግን ለራሱም ለባልንጀራውም የሚበቃ እንጀራ ያገኛል።